የጠቆረው አንባር

ሬሳ አጣቢዋ ሀዋ የተጠራችው ነሐሴ አሥራ ሦስት ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ዓርብ ጠዋት ነው። ሱዳን ውስጥ፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር፣ የሐበሻ ሙስሊም ሴት ስትሞት ሌላ ማን ይጠራል? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሬሳ ያጠበች ናት። ፊደል አልቆጠረችም፤ የሰው ገላ ግን ታነባለች፣ ያውም ዶክተሩ መነጽሩን ጠርጎ ሳይጨርስ።

የሞተችው ዘሊካ ትባላለች፤ የወሎ ልጅ፣ ሃያ አራት ዓመቷ። የሐጅ በሺርን ኦቾሎኒ ትፈለፍል ነበር። ቀን ቀን አሥራ አምስት ሴቶች ይፈለፍላሉ፤ ሲመሽ ሌሎቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ እሷና ጓደኛዋ ገሊላ ጆንያው ከተቆለለበት መኽዘን ጋር በአንድ ግድግዳ በተለጠፈች ጠባብ ክፍል ያድራሉ። የገለባው ብናኝ አንዴ ደረት ከገባ አይወጣም። ዘሊካን እዚህ ሥራ ከገባች ወዲህ ሳል ይዟት ነበር፤ የጣቷ ጫፍ ተሰነጣጥቆ ጨው መንካት ትታ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው ሻይ እየጠጣ ለሚቆረጥማት ኦቾሎኒ ነው።

የፖሊስ መኮንኑ ሙላዚም ኢድሪስ በሩ ላይ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ቆሟል። ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፉ ሥር ገሊላ እጇን ታስራ ተቀምጣለች።

«ኻላ ሀዋ፣ ነገሩ አልቋል» አላት መኮንኑ በአረብኛ። «ዓሳ ሠርታ አበላቻት፤ ራሷ አልቀመሰችም። ከዚያ በፊት ተጣልተዋል። ሌሊት ደግሞ ጓደኛዋን ውስጥ ትታ ደጅ አደረች። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ያላ፣ እጠቢና ትቀበር። እኔ ይችን ይዤ ልሂድ።»

«ወስደህ ምን ታደርጋታለህ?»

«ዳኛው ያውቃል። ነፍስ ያጠፋ ይሰቀላል።»

ሀዋ መልስ ሳትሰጠው ገባች። ክፍሉ የበሰበሰ ዓሳና ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። አፈሩ ወለል እርጥብ ነው። ዘሊካ ደረቷን በሁለት እጇ እንደያዘች ተኮማትራለች፤ ከአጠገቧ አስመልሷታል። ጣራው ሥር የሚውሉት እንሽላሊቶች ሁለቱም ወለሉ ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ሀዋ የሟቿን ግራ እጅ አነሳችና የመዳብ አንባሯን በአውራ ጣቷ አሸችው። ከሰል መስሏል። አንባሩን ከእጇ አውልቃ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ድንገት ተነሳች።

«አሁኑኑ ወደ ግቢው አውጧት! በአንሶላ ጋርዷት። እዚህ ክፍል ማንም እንዳይገባ። በሩም ተከፍቶ ይዋል።»

«ልታጥቢ ነው?» አለ መኮንኑ።

«አላጥብም።»

የሐጂው ወኪል ስለሺ ከመኽዘኑ በር በኩል ብድግ አለ። ሴቶቹን ቀጥሮ የሚያሠራ፣ አርባ የሞላው የጎንደር ሰው ነው። «እትዬ ሀዋ፣ ምን ነካዎት? በዚህ ሙቀት! የሬሳ ክብሩ ቶሎ መቀበሩ አይደለም እንዴ?»

«የጀናዛ ሕግ ከአንተ ልማር ነው? ክብር የሚያሳስብህ ከሆነ በቁሟ ሳለች አንድ አንገረብ አልጋ ትገዛላት ነበር። መሬት ላይ ነው ያስተኛሃት።» ወደ መኮንኑ ዞረች። «እስከ ጁምዓ አዛን ድረስ ታገሠኝ።»

«አዛን ሲል ልጅቷን ይዤ እሄዳለሁ።»

«አዛን ሲል የምትይዘውን አሳይሃለሁ።»

ሦስት ሰዓት ተኩል ቀርቷት ነበር። ሬሳ አስቀምጦ መጠየቅ ለሀዋ ቀላል አልነበረም፤ ገሊላ አጠገብ ተቀመጠች።

«ዓሳውን ለምን አልበላሽም?»

«ፍልሰታ ነዋ፣ እማማ ሀዋ። ዓሳም ቢሆን አልበላም፣ እናቴም አትበላም።»

«የተረፈውስ የት ደረሰ?»

«ለድመቷ ሰጠኋት።»

ሀዋ ቀና ብላ አየች። ድመቷ አጥሩ ላይ ሆዷን ነፍታ መዳፏን ትልሳለች።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ደረትሽ አልቋል፣ ይህን ሥራ ትተን ሀብታሞቹ ሰፈር አል-ጣኢፍ የቤት ሥራ እንፈልግ አልኳት። እምቢ አለች። ተኮራረፍን። ማታ ግን ታርቀናል። እሷ የደጁ አቧራ ስለሚያስላት በሩን ዘግታ ነው የምትተኛው፤ እኔ ሙቀቱ ስላላስቻለኝ ደጅ ተኛሁ። ክፍሉ እንደ ምድጃ ሲግል ጊዜ ወለሉን ውሃ ረጨሁላት። ‹በረደልኝ፣ ተባረኪ› አለችኝ። የመጨረሻ ቃሏ ነው።»

«ምን ያህል ረጨሽ?»

«ሁለት ባልዲ። ግድግዳው ከሥሩ ተሸርሽሯል፤ ግማሹ በዚያ ወደ መኽዘኑ ፈሰሰ።»

ሀዋ ፊቷን አዞረች።

«አንባሯስ?»

«ትናንት ማታ ለጁምዓ ብላ በሎሚ ፈትጋው ነበር፤ ወርቅ መስሎ ነበር። እማማ ሀዋ፣ ይሰቅሉኛል?»

«ዝም በይ። ትንፋሽሽን ለኋላ ቆጥቢው።»

ዘበኛው ኑርሁሴን በሩ ላይ መጥረጊያውን ታቅፎ ተቀምጧል፤ ስድሳ ያለፈው፣ ጥርሱ የረገፈ ሰው ነው።

«ዓሳውን ከገበያ ያመጣኸው አንተ ነህ አሉ።»

«እኔ ነኝ፣ እቴ። እንድታገባኝ ብዬ። በዓሳም እሺ አላለችም።»

«አንተ ሽማግሌ! ያንን ዓሳ በድድህ እንዴት ልታኝክላት ነበር?»

ኑርሁሴን ሳቅ አለና ሳቁ እዚያው ልቅሶ ሆነበት። «በልቻለሁ እኮ! ከአንድ ሰሐን ነው የበላነው።»

«በልተህ ቆመህ ታያለህ። ለመኮንኑ ለምን አልነገርከውም?»

«ስለሺ ዝም በል አለኝ። የመኖሪያ ወረቀት እንደሌለኝ ታውቂያለሽ። ፖሊስ ፊት አፌን ብከፍት ድንበር ላይ ነው የሚጥሉኝ።»

ሀዋ የመሬቱን የመጥረጊያ ፈለግ ተከትላ ዓይኗን እስከ መኽዘኑ በር ወሰደች። «ዛሬ ጠዋት እዚያ ምን ጠረግህ?»

«ድንቢጥ። በጣራው ቀዳዳ እየገቡ ፍሬ ይለቅሙ ነበር። በሩ ሥር ስምንት ሞተው አገኘሁ። አይጥም ነበረ። ስለሺ ነው ቶሎ ጥረግ ያለኝ።»

የመኽዘኑ በር አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል፤ ዙሪያው በቡናማ ፕላስተር ታሽጓል።

«ይሄ ፕላስተር ምንድን ነው፣ ስለሺ?»

«አቧራ እንዳይገባ ነው፣ እትዬ ሀዋ።»

«አቧራ! ሴቶቹ ሲውጡት ከርመው ለአፋቸው መሸፈኛ እንኳ ያልገዛህ ሰው፣ ለጆንያ አዘንህ?»

ስለሺ ፕላስተሩን በጀርባው ከልሎ ቆመ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሐጅ በሺር ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ መቁጠሪያውን እየቆጠረ ከመኪናው ወረደ። ሀዋ ሁሉንም መኽዘኑ በር ላይ ሰበሰበቻቸው፤ መኮንኑን፣ ሐጂውን፣ ስለሺን፣ ኑርሁሴንን፣ ገሊላን። ለሥራ መጥተው በራፍ የቀሩት ሴቶችም በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። ሀዋ እንዳትሳሳት ብላ በአረብኛ ቀስ እያለች ተናገረች።

«ሙላዚም፣ ከዓሳው ልጀምርልህ። ይህ ሽማግሌ በልቷል፣ ቆሟል። ድመቷ በልታለች፣ ያቻት። ስለዚህ ዓሳው አልገደላትም።»

መኮንኑ ኑርሁሴንን አየው። ሽማግሌው አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ግን ቀና ብሎ «በልቻለሁ» አለ።

«ድንቢጦቹስ? አይጡስ? እንሽላሊቱስ? እነሱም ከሰሐኑ በልተዋል? የሞቱት ሁሉ መኽዘኑ በር ወይም ግድግዳው ሥር ነው። ደጅ ያደረ ሁሉ ተርፏል። ስለዚህ የገደላት የበላችው ሳይሆን የተነፈሰችው ነው።»

«ሽታው የዓሳ ነው እኮ» አለ መኮንኑ።

«ዓሳው ደጅ ተሠራ፣ ደጅ ተበላ። ክፍሉ ውስጥ ምን አስገባው?» አንባሩን ከቀሚሷ ኪስ አወጣች። «ይህን ማታ በሎሚ ፈትጋዋለች። ባንድ ሌሊት ይህን መሰለ። ዓሳ መዳብ ሲያጠቁር አይተህ ታውቃለህ? እኔ አንድ ጊዜ ብቻ አይቻለሁ። ገዳሪፍ፣ ባሌ ሰሊጥ መኽዘን ውስጥ ተሸካሚ ነበር። ራሴ አጠብኩት፤ የመዳብ ቀለበቱ እንዲህ ነበር። ‹ቶሎ ይቀበር› አሉኝ፣ ቀበርኩት። ከዓመት በኋላ ነው አብሮት ይሠራ የነበረ ሰው የነገረኝ። ለነቀዝ ጆንያ መሐል የሚያስቀምጡት ክኒን አለ። እርጥበት ሲያገኝ ጋዝ ይተፋል፤ መዳብ ያጠቁራል፣ ሽታው ይሄው የሸተተህ ነው። በዚያ ቤት ለቀናት ሰው አይገባም፣ አጠገቡም አያድርም። በሩንም እንዲህ በፕላስተር ያሽጉታል።»

«ነቀዝ የለብንም!» አለ ስለሺ። «ምንም አላስቀመጥንም፣ ወላሂ!»

«ጥሩ። እንግዲያው በሩን ክፈትና ግባ። በሩን ዘግተህ ጆንያ ላይ ተቀመጥ። እኔ የሐጂውን መቁጠሪያ አንድ ዙር እስክጨርስ ብቻ።»

ስለሺ ቁልፉን አወጣ። ቁልፉን በሩ ላይ አስጠግቶ ቆመና ሳያስበው በአንገቱ ሻሽ አፍንጫውን ሸፈነ።

«ገና ሳትከፍተው ከምኑ ተሸፈንህ?» አለችው ሀዋ።

ስለሺ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ነገ መኪናው ወደ ፖርት ሱዳን ይጭናል» አለ። «ነቀዝ ገባበት። ክኒኑን ሐጂው ሰጠኝ። ሴቶቹን የት ላድርጋቸው አልኩት፤ ‹ካስወጣሃቸው ነገ የሚጭን ሰው ከየት ታመጣለህ? ዝም በል› አለኝ። ግድግዳው ይይዘዋል ብዬ ነበር። ጠዋት ሞታ ሳገኛት...»

«ጠዋትማ የክኒኑን ቆርቆሮ ደብቀህ፣ ወፉን አስጠርገህ፣ ዓሳውን ለፖሊስ ጠቆምህ። ማታ በፍርሃት ዝም አልክ፤ ጠዋት ግን ይችን ልጅ አውቀህ ወደ ገመድ ገፋሃት። ቆርቆሮው የት አለ?»

«ሽንት ቤቱ ውስጥ።»

ሐጅ በሺር መቁጠሪያውን መቁጠር አላቆመም። «ሰውዬው ይዋሻል» አለ ብቻ።

መኮንኑ የገሊላን ገመድ ፈትቶ ስለሺን አሰረበት። ሐጂውን ደግሞ «ጣቢያ ድረስ ይከተሉን» አለው። እንግዲህ መኪና ያለው በመኪናው ነው የሚከተለው። ሀዋ ይህን አየች። አንባሩን ለመኮንኑ ሰጠችና «እንዳይጠፋ!» አለችው፤ ይጥፋ አይጥፋ ግን በእሷ እጅ አልነበረም። በአጥሩ በኩል አንዷ ሴት «ነገ ሥራ አለ?» ብላ ስትጠይቅ ተሰማ። ማንም አልሳቀባትም፤ ሁሉም መልሱን እየጠበቁ ነበር።

አዛን አለ። ገሊላ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«እማማ ሀዋ... እርጥበት ሲያገኝ ነው ያሉት? ውሃውን ባልረጨውስ?»

ሀዋ ማባበል አታውቅበትም። ተምራ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን በጠቀማት።

«አልዋሽሽም። ውሃው አፋጥኖታል።»

ገሊላ ቁጭ ብላ ፊቷን ጉልበቷ ውስጥ ቀበረች።

«ስሚኝ!» ሀዋ አገጯን ይዛ ቀና አደረገቻት። «አንቺ ጓደኛዋ የሞቃት ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረግሽ። ከግድግዳው ጀርባ ምን እንዳለ መናገር የነበረበት ያስቀመጠው ነው። ይህ ዛሬ አይገባሽም። ላይገባሽም ይችላል። አሁን ተነሺ፣ ላጥባት ነው።»

ማንቆርቆሪያውን ሞልታ ሰጠቻት። ገሊላ እጆቿን ወደ ጀርባዋ ደበቀች።

«ሁለተኛ ውሃ አልነካም።»

«ትነኪያለሽ። እኔ አሮጊት ነኝ፤ ማጠብና ማፍሰስ አንድ ላይ አልችልም። የቀጠርኩት ሰውም የለም።»

ከአንሶላው ወዲያ ሀዋ ተንበርክካ የዘሊካን ግራ እጅ ዘረጋች፤ አንባሩ የነበረበት ቦታ ላይ ጥቁር ክብ ቀርቷል። ከአንሶላው ወዲህ ገሊላ ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷን አዙራ፣ ክንዷን ብቻ አስገባች።

«ቀስ ብለሽ» አለቻት ሀዋ።

ገሊላ አፈሰሰች።