መርገጫውን የረገጠው እግር

በ2000 ዓ.ም. በጋ፣ ሰቆጣ ዳር ባለ አንድ አነስተኛ የፍየል ምርምር ጣቢያ፣ ዶክተር ወንዳወቅ ጠረጴዛ ላይ እንደተንጋለለ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ የቆመው የኤሌክትሪክ ማሽን ሁለት መርፌዎች ጭኑ ላይ እንደተሰኩ ናቸው። ሞት ምክንያት አያጣምና ሰው ሁሉ «ማሽኑ ገደለው» አለ። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ግን ባዶ እጁን መመለስ አልወደደምና ሬሳውን ያገኙትን ሽማግሌ ዘበኛ፣ አያ ወልደ ጻድቅን፣ አሰረ። እውነቱ ካልወጣ ሽማግሌው ወህኒ መውረዳቸው ነው።

ኢንስፔክተር ምሕረት ሬሳውን አይታ ምንም አልተሰማትም። ስላልተሰማትም አዘነች።

«ማሽኑ ምን ይሠራል?» ስትል የፍየሎቹን ቴክኒሻን ኪዳኑን ጠየቀችው።

«በሽታ የሚያመጣውን ዘረመል ዝም የሚያሰኝ መድኃኒት አለ። ጡንቻ ላይ ብንወጋው ብቻውን ሕዋሱ ውስጥ አይገባም። ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት በሩን ይከፍትለታል።»

«ዶክተሩ በሰውስ ሞክሮታል?»

ኪዳኑ አቀረቀረ። «ዶክተሩን በምትረዳው ነርስ በጥሩሐረግ ልጅ። የልጅቷ እግር እየሰለለ ነበር፤ ሞተች። ዶክተሩ በሽታዋ ነው የገደላት አለ። ዛሬ ደግሞ የአያ ወልደ ጻድቅ የልጅ ልጅ፣ ትግስት፣ ተራዋ ነበር። መድኃኒቱ ክፉ አለመሆኑን ላሳይ ብሎ አስቀድሞ በራሱ ሊሞክረው አስቦ ነበር።»

«ኤሌክትሪኩ ጭን ላይ ይገድላል?»

«አይገድልም። ደረት ላይ ከሆነ ግን ልብ ያቆማል።»

ምሕረት የሟቹን ሸሚዝ ፈታች። ደረቱ ላይ በመርፌዎቹ ርቀት ልክ ሁለት ነጠብጣብ አለ። ክንዱ መታጠፊያ ላይ አንዲት ቀዳዳ። ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ እጆቹም ጎንና ጎኑ ተዘርግተው ደርቀዋል።

ጥሩሐረግን ደጅ አገኘቻት።

«ሐዘኑ እንዴት አደረገሽ?»

«ማልቀስ እንኳ አቃተኝ። ሁለመናዬ ደንዝዟል።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሬሳው በተገኘበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሽማግሌው ከነካቴናቸው ተቀመጡ።

«ኤሌክትሪኩን የሚለቀው የማሽኑ መርገጫ ግድግዳው ሥር ነው» አለች ምሕረት። «የተኛ ሰው አይደርስበትም፤ ሌላ ሰው ረግጦለታል። መርፌዎቹ መጀመሪያ ደረቱ ላይ ነበሩ፤ ኋላ ወደ ጭኑ ተዛወሩ። ነቅቶ ቢሆን እሺ አይልም። ሕመሙን እንዳይሰማ በደም ሥሩ ማደንዘዣ ተሰጥቶታል፣ ያውም ሳይስት በአንድ ቀዳዳ። ኪዳኑ ፍየል የሚወጋው ጡንቻዋ ላይ ነው። አያ ወልደ ጻድቅ መርፌ ጨብጠው አያውቁም።»

«ዓይኑንስ ማን ከደነው?» አለ ኪዳኑ።

«ሬሳው ሳይደርቅ አጠገቡ የነበረ። ገድሎትም ቢሆን፣ ወግ ሳያደርስለት መሄድ ያልሆነለት ሰው።»

ጥሩሐረግ አልካደችም። «እኔ ነኝ። ለልጄም የረገጥኩት እኔው ነኝ።»

አያ ወልደ ጻድቅ ቀና አሉ። «ልጄ፣ እንዲህ ከምታደርጊ ትግስትን አያምጧት ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

«ነገርኩዎት እኮ፣ አያ። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ቤትዎ ድረስ መጥቼ ነገርኩዎት። ‹ሐዘን አናውዞሻል፤ የተማረ ሰው ይዋሻል ወይ?› ብለው መለሱኝ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከሽማግሌው ፈትቶ ለእሷ አጠለቀላት። ነፃ ነዎት፣ ይሂዱ ተባሉ። አያ ወልደ ጻድቅ ግን ከተቀመጡበት አልተነሱም።