ለተኛ ሰው ጉርሻ

የጎሬ ሰው በሽተኛ ሊጠይቅ ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም፤ ሌላው ቢያጣ ምክር ይዞ ይሄዳል። በጃንሆይ ዘመን ፈንታሁን የሶር ወንዝን ቁልቁለት ሲወርድ ከበቅሎ ወድቆ ራሱን የሳተ ጊዜም፣ መቱ ሆስፒታል ድረስ ምክር ተጫነለት። ወራት አለፉ፤ አልነቃም። በአፍንጫው በገባች ቀጭን ቱቦ በሚወርድ ወተት ነበር የሚኖረው።

ያን ቀን ሐኪሙ ታላቅ ወንድሙን ዳምጤንና የፈንታሁንን ሚስት እታፈራሁን ጠራቸው።

«አንጎሉ ክፉኛ ተጎድቷል፤ የሚነቃ አይመስለኝም። ቱቦውን አውጥተን፣ ሳይሠቃይ እንዲያርፍ ልንረዳው እንችላለን። ተመካከሩ።»

እታፈራሁ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ እናታችሁ እንዲህ በተኙ ጊዜ ፈንታሁን ‹እኔን እንዲህ እንዳታቆዩኝ› ብሎ ነበር። እርስዎም ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ! ለቅሶው ላይ ‹ወንድሙን አስርቦ ገደለው› ሲሉኝ አንቺ ትመልሺልኛለሽ?»

«የተኛው እሱ፣ የሚያስጨንቅዎት ሐሜት!»

ዳምጤ በሩን በርግዶ ወጣ። ደጅ ላይ በተቀመጡት ጠያቂዎች መካከል ጎረቤታቸው ዋሪቱ አጥሚት ይዛ ቆማለች።

«ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! በአፍንጫ የሚገባ ደግሞ ምን ምግብ ነው? ከወንድም እጅ አንዴ ቢጎርስ ይነቃ ነበር።»

በፈንታሁን አፍ ምንም እንዳይገባ ተከልክሏል። ዳምጤ ግን አጥሚቱን ተቀብሎ ገባና ነርሷ ዘወር እስክትል ጠብቆ፣ የወንድሙን ከንፈር በማንኪያ ከፈተ። «በሞቴ፣ ፈንቴ፣ አንዲት ብቻ።»

ፈንታሁን ታነቀ። ፊቱ ጠቆረ፤ ደረቱ ተንሰፈሰፈ። ሐኪሙ ሮጦ መጣና ሌላ ቱቦ በጉሮሮው ሰድዶ አጥሚቱን ይመጥ ጀመር። «እግሩን ያዝ!» ብሎ ጮኸ። ዳምጤ ያዘ። በእጁ የገባው አጥንት ብቻ ነበር።

ትንፋሹ እንደምንም ተመለሰ፤ ኽር ኽር ይላል እንጂ።

«ሕመሙ ይሰማዋል?» አለ ዳምጤ።

«አላውቅም» አለ ሐኪሙ። «አጥሚቱ ሳንባው ውስጥ ገብቷል። ለማቆየት ከእንግዲህ ጉሮሮውን መብሳት አለብን።»

ዳምጤ ወደ ደጅ ወጣ። ጠያቂው ሁሉ ተነሣ።

«ቀመሰ?» አለች ዋሪቱ።

«አንቄ ልገድለው ነበር! ‹እንዴት ያለ ወንድም ነው› እንድትሉኝ ስንት ወር አሠቃየሁት። በቃ። የራሱን ቃል እፈጽምለታለሁ። የምታሙኝ ከሆነ እዚሁ ጀምሩ፤ ልስማችሁ።»

ዋሪቱ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ዳምጤ ተመልሶ እታፈራሁን በዓይኑ ጠየቃት፤ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ለሐኪሙ «ቱቦው ይውጣለት» አለው።

እኛ ጠያቂዎች ደጎች ነን፤ ደግነታችን ግን ጩኸት ይበዛዋል። በተኛ ሰው ላይ ከመፍረዳችን በፊት፣ በጤናው ሳለ ለራሱ ምን እንደ ፈለገ እንስማ፤ ከሰማንም አንካደው።

ፈንታሁን ያረፈው ወንድሙ እጁን እንደ ያዘው ነው።