ካታሎጉ የታደሰበት ደቂቃ

ሟቹ በሰርቨር ክፍሉ ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ማጅራቱ የተመታበት የመጠባበቂያ ባትሪ ከጎኑ ወድቋል፤ ጠርዙ ላይ ሽበት ተጣብቋል። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነበር። ሁሉን ነገር ስለሚቆላልፍ ሠራተኞቹ «ቁልፉ» ይሉታል። ሲሞት ያለቀሰለት ሠራተኛ አልነበረም።

መርማሪዋ ስትደርስ የሕንፃው ኤሌክትሪሺያን በካቴና ታስሯል። በሩ ሲዘጋ ራሱን ይቆልፋል፤ ከሟቹ ሌላ ቁልፍ ያለው እሱ ብቻ ነው።

«ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን፤ ነገሩ አልቋል» አለ ፖሊሱ።

«ጋሼ፣ ይጠሉት ነበር?» ስትል መርማሪዋ ኤሌክትሪሺያኑን ጠየቀችው።

«ያልጠላው ማን አለ ልጄ? እኔ ግን የልጅ ልጆች አሳድጋለሁ። ለእሱ ብዬ አልታሰርም።»

የሟቹ ልጅ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ጸሐፊ ናት።

«አራት ሰዓት ከአምስት ላይ በስልክ እያወራን ነበር» አለች። «እየሳቀ፣ ‹ባልሽ አሥሩን ማሽኖች እስከ ስድስት ሰዓት ካላዘጋጀ ይባረራል፤ ደግሞም አያዘጋጅም› አለኝ። በር ተንኳኳና ሊከፍት ሄደ። አንድ ነገር ጓ ሲል ሰማሁ፤ መስመሩ ተቋረጠ።»

ባሏ የሟቹ ረዳት ነው።

«ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሦስተኛ ፎቅ ነበርኩ» አለ። «አሥሩም ቢኤስዲ በሚባል ሲስተም የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ ፓኬጅ፣ ማለት የሚጫንባቸውን ፕሮግራም፣ የሚወስዱት በውስጥ ኔትወርክ፣ ከዚህ ሰርቨር ነው። በየደቂቃው ብሞክር ‹የለም› ይሉኛል። መዝገባቸውን ይዩት።»

«ፓኬጁ እዚህ አልነበረም?»

«ነበር እንጂ። አማቴ አዲሶቹን ፋይሎች አስገብተው ካታሎጉን፣ የፓኬጆቹን ዝርዝር፣ ሳያድሱ ተዉት። ማሽን የሚያየው ካታሎጉን ነው፤ እዚያ ያልሰፈረ ለእሱ የለም።»

«ላይ ሆነህ ለምን አላደስከውም?»

«በየት በኩል? የርቀት መግቢያውን ዘግተውታል። ስንቴ ለመንኳቸው። ሰርቨሩን ማዘዝ የሚቻለው በዚህች ኪቦርድ ብቻ ነው።»

መርማሪዋ የአሥሩን ማሽኖችና የሰርቨሩን መዝገብ ጎን ለጎን አየች። ከዚያ ሁሉንም አስጠራች።

«ቁልፍ ያለው ሰው በር አያንኳኳም» አለች። «ስለዚህ ጋሼ አይደሉም። አሥሩ ማሽኖች እስከ አራት ከአሥራ ስድስት ‹የለም› ሲሉ ቆዩ። በቀጣዩ ደቂቃ አሥሩም ጫኑ፤ ምክንያቱም ካታሎጉ ታደሰ። ሟቹ ከተመታ አሥራ ሁለት ደቂቃ አልፎታል። ታዲያ በዚህች ኪቦርድ ማን አደሰው?»

«እኔ በየደቂቃው እየሞከርኩ . . . »

«አንተ አልሞከርክም። ማሽኖቹ በየደቂቃው ራሳቸው እንዲሞክሩ የሚደጋግም ትእዛዝ ጽፈህ ልትለምነው ወረድክ። አንኳኳህ፣ ከፈተልህ፣ ሳቀብህ። ገድለኸው ወዲያው ብትወጣ ኖሮ መዝገቡ ላይ የምይዝብህ ነገር አልነበረኝም። ስህተት እያየህ ማለፍ ግን አልሆነልህም። ሬሳ ተሻግረህ ተቀመጥክና አስተካከልከው።»

አልካደም።

«አንዲት ትእዛዝ እኮ ናት» አለ። «ሦስት ቀን ያሰቃዩኝ ለአንዲት ትእዛዝ ነው።»

ከኤሌክትሪሺያኑ የወለቀው ካቴና ሳይቀዘቅዝ ወደ ረዳቱ እጅ ተሻገረ። ሚስቱ ቀረብ አለች።

«አባዬ ወዲያው ነው የሞተው?»

አሰበ። እንደ ማንኛውም የሥራ ጥያቄ፣ ትክክለኛውን መልስ ሊሰጣት ፈለገ።

«ካታሎጉ ግማሽ ሲደርስ ያቃስቱ ነበር» አለ። «ሲያልቅ ዝም አሉ።»