ዲሹን ያቃናልኝ ድምፅ

ከሁሉ አስቀድሜ በደሉን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይህን ታሪክ የሚሰማ ሁሉ ድምፁን ይዞ ይሄድና በደሉን ይረሳዋል። በደሉ ይህ ነው፦ ጎረቤቴን ከድጃን፣ ታማ አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ፣ ልጇ ወደ ቤቱ ወስዶ ቴሌቪዥን ከለከላት። ሌላ የጎደለባት ነገር የለም፣ ያበሏታል፣ ያጥቧታል፣ አንሶላዋም ንጹሕ ነው፣ እኔ ዕድሜዬን በሆስፒታል ልብስ አጣቢነት የጨረስኩ ሴት ስለሆንኩ በአንሶላ አልሸወድም፤ ግን በዚህ ዓለም ላይ የምትወደው አንድ ነገር ነበራት፣ እሱን ነፈጓት። ይህ ይመዝገብልኝ።

ሁለተኛ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ዛር ቢሉ፣ ጂን ቢሉ፣ የሙት ጥላ ቢሉ፣ ሲያወሩ ሰምቼ ስቄ ያለፍኩ ነኝ፤ በሥራ ዘመኔ ከማጠቢያው ጀርባ ያለው ክፍል «ሰው ይታይበታል» ተብሎ ሁሉ ሲሸሸው እኔ ምሳዬን እዚያ ነበር የምበላው፣ ጸጥታው ይመቸኝ ነበርና። ስለዚህ «አሮጊት ናት፣ ደንግጣ ነው» እንዳትሉኝ፣ እመኑኝ፣ የደነገጥኩት በኋላ ነው።

ጡረታ ስወጣ ሰው ሁሉ «እንግዲህ ምን ልትሠሪ ነው?» ይለኝ ነበር። እኔ ዲሽ አገኘሁ። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል አሮጌ ዲሹን አውርዶ ሲጥል፣ ጠርዙ ትንሽ የተጣመመውን፣ በጋሪ አስጭኜ ቤቴ አመጣሁት፣ ሪሲቨሩንም ቅዳሜ ገበያ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ፈልጌ አገኘሁ። ባለሙያ ሲያስተካክል ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ባለሙያ የሚባል ጣሪያዬን አልረገጠም። በየወሩ የሚከፈልበትን ቻናል እኔ አልፈልግም፣ በነፃ የሚለቀቀው መቼ አልቆ! ደግሞ ይህ ነገር ፍርድ ያለበት ነው፣ ሳተላይቱ ለባለ ፎቁም ለጡረተኛዋም እኩል ነው የሚያወርደው፣ ዲሽሽን ወደ እሱ ካዞርሽ ማን ነሽ ብሎ አይጠይቅም።

ሞክሮት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ዲሽ ማስተካከል የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ዲሹን የጥፍር ያህል፣ የጥፍር ያህል ይገፋል፣ ሌላው ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ላይ የምትወጣውንና የምትወርደውን መስመር እያየ ይጮኻል። የእኔ ጯኺ ከድጃ ነበረች። ባሏ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፣ ከሞተ ቆይቷል፣ ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ስለሆነ ከዲሹ አንዱን ገመድ ወደኔ፣ ሌላውን ወደ እሷ አስገብቼ ነበር። ሌላ ሰው «መጣ»፣ «ሄደ» ነው የሚለው፣ እሷ ግን መስመሩ ሲያድግ እንግዳ እንደሚጠራ ሰው «ነይ ነይ ነይ» ትላለች፣ ሲወርድ «ኧረ ወዴት!» ትላለች፣ ሲሞላ ደግሞ «ቁጭ!» ስትል እኔ ቡሎኑን አጠብቃለሁ። ከዚያ ስድቡ ይከተላል፣ ጥሩወርቅ መባሌን «ጥሩ» ብላ አሳጥራ።

«አንቺ ጥሩ፣ ከዚያ ብትወድቂ እኮ ሬሳሽን የምናስርበት ገመድ የለም፣ ሁሉን ለዲሹ ጨርሰሽዋል!»

«ብወድቅ አንቺ ላይ ነው የምወድቀው፣ በዚህ ውፍረትሽ አንድም አጥንቴ አይነካ!»

የምንሞትለት ቻናል የዓረቦቹ የግመል እሽቅድምድም ነበር። ከድጃ በባሏ ዘመን መተማን ተሻግራ ሱዳን ስለተመላለሰች ዓረብኛ ትሰማለች፣ ግመሎቹን በየስማቸው ታውቃቸዋለች። ላያቸው ላይ ሰው የለም፣ ትንሽ ማሽን ተጭኖ አለንጋ ያወናጭፋል፣ ባለቤቶቹ ጎን ለጎን በመኪና እየከነፉ ከርቀት ያዝዙታል። «ይሄ ፍርድ አይደለም፣ የማይደክመው የሚደክመውን እንዴት ይገርፋል?» እላታለሁ፣ እሷ ምን በወጣት፣ ግመሏ ሲቀድም በመዳፏ ጭኗን እየመታች «ዳኝነትሽን ለቀበሌ አድርጊው፣ የኔው ሊገባ ነው!» ትለኛለች።

አንድ ጠዋት ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ አላት፣ ምላሷም ተያዘ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል አልወጣትም። ልጇ ያሲን ሸጋ ልጅ ነው፣ ይህን መካድ አልችልም፣ መኪና አምጥቶ ዕቃዋን ሁሉ ጭኖ፣ እሷንም እንደ ዕንቁላል ተጠንቅቆ አቅፎ፣ አዘዞ አዲስ ወደ ሠራው ቤት ወሰዳት፣ የእሷን ቤት ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ሄደ። እሷ በሄደች ሰሞን የግመሉ ቻናልም ጠፋ፣ ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት፣ ወደ ሌላ ቦታ አዛውረውት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ልጠይቃት አዘዞ ስሄድ ክፍሏን አየሁ። አልጋ አለ፣ መስኮት አለ፣ ከአልጋው ፊት ለፊት ነጭ ግድግዳ አለ፣ ሌላ ምንም የለም።

«ያሲን፣ ቴሌቪዥኑ የታለ?» አልኩት።

«ሳሎን አለ፣ እማማ።»

«እሱማ ያንተ ነው። የእሷስ?»

«እናቴ እኮ ምንም አታውቅም፣ እኔን ልጇን እንኳ አትለየኝም። ምን ያደርግላታል?»

«አለማወቋን ማን ነገረህ?»

«ሐኪሙ ነዋ።»

«ሐኪሙ ግመል ሲሮጥ አሳይቷት ያውቃል?»

ሊስቅ ብሎ ዓይኑ ውሃ ሞላ። «እማማ፣ ይተዉኝ» አለኝ። አልተውኩትም፣ በሄድኩ ቁጥር እጠይቀዋለሁ፣ በሄድኩ ቁጥር ያንኑ ይመልስልኛል፣ ሚስቱ ሰዓዳም ሻይ አቅርባልኝ ከጓዳ አትወጣም።

እንግዲህ ወደዚያች ቀን ልምጣ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፣ ይህን ልብ በሉልኝ፣ የእኔ ቤት ብቻ ሳይሆን ሰፈሩ በሙሉ፣ ወፍጮው እንኳ ቆሞ ሴቶቹ እህላቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ከምሳ በኋላ የመጋቢት ንፋስ ተነሣና ዲሼን አሽከርክሮ ፊቱን ወደ ጓሮ አዞረው፣ አንዱ ቡሎንም ረግቦ ይንቋቋ ጀመር። ያለ መብራት ዲሽ አይስተካከልም፣ መስመሩን በምን ታዩታላችሁ? ግን ወድቆ የሰው አናት ከሚፈነክት ለጊዜው ላጥብቀው ብዬ መሰላሉን አቆምኩና የቡሎን ቁልፌን ይዤ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሰማሁት ሳል ነው። ከከድጃ ቤት፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ። ንፋስ ነው አልኩ፣ ቆርቆሮ ንፋስ ሲገባበት ያስለዋል። ቀጥሎ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፣ እግሩ ሲሚንቶው ላይ ሲፋቅ፣ እሱንም የጎረቤት ነው አልኩ። ከዚያ ዲሹን በሁለት እጄ ይዤ ትንሽ ወደ ቀኝ ገፋ ባደርገው፣

«ነይ» አለኝ።

አልደነገጥኩም፣ ሰው የማያምነኝ እዚህ ላይ ነው። እጄ ለዓመታት ያንን ድምፅ ሲታዘዝ ስለኖረ እኔን ሳያማክር ታዘዘ፣ የጥፍር ያህል ገፋሁ፣ «ነይ ነይ ነይ» አለች፣ ትንሽ ጨመርኩ፣ «ኧረ ወዴት!» አለች፣ መለስኩ፣ እንደገና «ነይ ነይ»፣ ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ አይደለም፣ ያው የዱሮው፣ ወፍራሙ፣ ሳቅ ያለበት ነው። ቀና አደረግሁት፣ ዝም አለች፣ ፀጉር ታህል ዝቅ ሳደርገው «ቁጭ!» አለች። ቡሎኑን ጠመዘዝኩና «ሸጋ!» ብዬ ጮኼ መለስኩላት፣ እንደ ዱሯችን።

ከዚያ ስድቡን ጠበቅሁ። ስድቡ ሲቀር ነው የደነገጥኩት። ንፋሱ ቆሟል፣ ሰፈሩ ጭጭ ብሏል፣ እኔ ጣሪያ ላይ ቁልፍ ይዤ ቆሜያለሁ፣ ከድጃ አዘዞ እንዳለች፣ ምላሷም እንደተያዘ፣ መብራትም እንደሌለ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። በሯ ጋ ሄድኩ፣ ቁልፉ ዝጓል፣ የሸረሪት ድር ከጓጉንቸሩ እስከ መቃኑ ተወጥሯል። በመስኮቱ ስንጥቅ አየሁ፣ ወለሉ አቧራ ብቻ ነው፣ የሰው ዱካ የለበትም፣ ያሲን ሁሉን ጭኖ ወስዶት ወንበር የሚባል ነገር የለም። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ሳደርግ ቀጭን ሲርታ ሰማሁ፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን ሲከፈት እንደሚሰማው ዓይነት፣ ቆየና እሱም ጠፋ። በሩን አንኳኳሁ። እስቲ አሁን ባዶ ቤት ማንኳኳት ምን ይባላል?

«ምነው እማማ ጥሩወርቅ፣ ማን ይከፍትልኛል ብለው ነው?» አለችኝ ከአጥሩ ወዲያ ልብስ ስታሰጣ የነበረችው ጎረቤቴ አለምነሽ።

«ድምፅ አልሰማሽም?»

«ሰማሁ እንጂ፣ ‹ሸጋ!› ብለው ሲጮኹ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊትማ ምን ድምፅ ነበረ? ብቻዎን ዝም ብለው ዲሹን ሲያዞሩት አይዎት ነበር፣ ወዲህ ያደርጉታል፣ ወዲያ ያደርጉታል፣ ጎንበስ ብለው ያዳምጣሉ።» ልብሱን ተወችውና ጠጋ አለችኝ። «እማማ፣ ጠዋት ጠበል እንሂድ፣ እኔ አደርስዎታለሁ።»

«ጠበሉን አንቺ ተጠመቂ፣ እኔ ጆሮዬ ደህና ነው» አልኳት።

መብራት የመጣው አመሻሽ ላይ ነው። ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ፣ ምንም አልነካሁም፣ መስመሯ በእኔ ዲሽ ሞልታ የማታውቀውን ያህል ሞልታለች፣ ቻናሉ ደግሞ ግመሎቹ ናቸው። ይሮጣሉ፣ አሸዋው ይነሣል፣ ማሽኑ አለንጋውን ያወናጭፋል። ተቀምጬ አየሁ፣ ግን የትኛው የኔ እንደሆነ አልመረጥኩም፣ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

አሁን ሌላ ሰው ቢሆን ይጠመቅ ነበር፣ ወይ ሼኽ ዘንድ ይሄድ ነበር። እኔ የመጣልኝ ሌላ ነው። ያ ድምፅ የማንም ይሁን የማን፣ ከድጃ የሌለችበት አይደለም፤ እሷ ካለችበት ደግሞ ከድጃ ታውቃለች፤ የምታውቅን ሴት ባዶ ግድግዳ ፊት ማስተኛት በደል ነው። በማግስቱ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ አዘዞ ወረድኩ።

ሰዓዳ ናት በሩን የከፈተችልኝ። እጇ ላይ ማር የተበጠበጠበት ሞቅ ያለ ውሃ ይዛለች።

«ለማን ነው?»

«ለእማማ ከድጃ። ከትናንት ወዲህ ጉሮሯቸው ቆስሎ ነው።»

«የማትናገር ሴት ጉሮሮዋ በምን ይቆስላል?»

ሰዓዳ ውሃውን እንደያዘች ከበሩ ዘወር አለችልኝ። ያሲንም ከሳሎን ወጣ፣ ዓይኑ እንቅልፍ የለበትም፣ ሁልጊዜ ጉልበቴን ስሞ የሚቀበለኝ ልጅ ያን ዕለት «ይግቡ» ብቻ አለኝ።

ገባሁ። ከድጃ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ፊቷ ወደ ነጩ ግድግዳ ነው። «አንቺ ከድጃ፣ እኔ ነኝ፣ ጥሩ ነኝ» አልኳት፣ አልዞረችም። ዓይኖቿ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ። ደህነኛው እጇ ጭኗን ይመታል፣ ቀስ ብሎ ጀመረ፣ ፈጠነ፣ በጣም ፈጠነ፣ ከዚያ ቆመና ያ የማውቀው ፈገግታዋ መጣ። እኔም ዞሬ ግድግዳውን አየሁ። ቀለም ነው። ሚስማር እንኳ አልተመታበትም።

ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅሁም፣ ግን የመጣሁበትን አልረሳሁም።

«ያሲን!» አልኩት። «እጇን እይ! አታውቅም እንዳትለኝ። የኔን ቴሌቪዥን ዛሬውኑ አመጣላታለሁ፣ ዲሹንም ጣሪያህ ላይ ወጥቼ እኔው እሠራዋለሁ፣ አንተ ምንም አትደክምም። ምን አድርጋህ ነው የምትከለክላት? ዛሬ እውነቱን ሳትነግረኝ ከዚህ ቤት አልወጣም!»

በሩ ላይ ቆሟል፣ ወደ ውስጥ አልገባም። ሰዓዳ የማሩን ውሃ ልትሰጣት ስትገባ ያኔ አየሁ፣ በአልጋውና በግድግዳው መሃል ሰፊ ቦታ እያለ በዚያ አላለፈችም፤ ከራስጌው በኩል፣ በጠባቡ፣ ወገቧን አጥፋ፣ ሰው ቴሌቪዥን ሲያይ እንዳንጋርደው እንደምናደርገው ዞራ ሄደች። እኔን ግን ያሲን ክንዴን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሳበኝ፣ ለካስ መሃል ላይ ቆሜያለሁ።

«እማማ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናቱን ላለመረበሽ፣ «አልከለከልኳትም። የት እንስቀለው? ግድግዳው ተይዟል።»