የዋጋ ገማቹ አሟሟት

ኸሊል የሞተው ሊገምታቸው በመጣባቸው ሥዕሎች ፊት ነው። ግሮቭ ሲቲ ውስጥ፣ በአሮጌ መጋዘን በተከፈተ የጨረታ ቤት፣ የኋለኛው ክፍል ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የነሐስ መቅረዝ አጠገቡ ወድቋል። መብራቱ በርቷል፤ የመስኮቱም ወፍራም ጥቁር መጋረጃ ወደ ጎን ተሰብስቧል።

መርማሪ ሰምሀል ስትደርስ ሦስት ሰዎች ተኳርፈው ቆመዋል። አንዳቸውም ለሟቹ አላዘኑም፤ እያንዳንዳቸው ለራሳቸው ነበር የተጨነቁት። ፖሊስ የጠራው ሩፋኤል የጨረታ ቤቱ ባለቤት ነው። ለጨረታ የቀረቡት ሥዕሎች ባለቤት ሞሚና ናት። ሟች ባሏ ሳላሃዲን ያስታምማቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌ የሸለሙትን ሦስት የሆላንድ የገጠር ሥዕሎች ወርሳለች። ሦስተኛው የእንጀራ ልጇ ፈሀድ ነው፤ ድርሻዬን ካልወሰድኩ ብሎ ከሬይኖልድስበርግ ድረስ ተከትሏት መጥቷል።

«ገዳይዋ እሷ ናት» አለ ፈሀድ። «ሲጨቃጨቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ምን ትጠብቂያለሽ፣ አሬስት አድርጊያት እንጂ።»

«ከኸሊል ጋር በምን ተጨቃጨቃችሁ፣ እትዬ ሞሚና?»

«ሌባ አለኝ። ሥዕሎቹ ላይ የታወቀ ሰዓሊ ስም ተፈርሞ አገኘና አንቺ ነሽ ያስጻፍሽው አለኝ። እኔ ስለ ሥዕል ምን አውቃለሁ? ሰድቤው ወጣሁ። ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ነበር።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«ማንም።»

«እኔ አይቻታለሁ» አለ ሩፋኤል። «መኪና ውስጥ ግን አይደለም። ፓርኪንጉ ላይ ስልክ ሳወራ በዚህ መስኮት በኩል ተመለከትኩ። እሱ ጎንበስ ብሎ ሥዕሉን ሲያይ፣ ተመልሳ ገብታ ከኋላው በመቅረዙ መታችው። እኔ ስደርስ ወጥታለች።»

«መስኮቱ እንዳሁኑ ነበር?»

«እንዳሁኑ። ከዚህ የነካነው ነገር የለም። ደግሞ የአገርሽን ሰው እንዲህ ስታመላልሺ አታፍሪም? ውሰጃትና ይብቃ።»

«የአገር ልጅ ገደለውም አልገደለውም፣ የሞተው ሞቷል፣ ጋሼ» አለች ሰምሀል፤ ተንበርክካም አስከሬኑን በጎኑ ገለበጠችው።

ኸሊል ብርቱካናማ መነጽር አድርጓል፤ አንዱ መስተዋት ተሰንጥቋል። የማንበቢያ መነጽሩ ግን ደረት ኪሱ ውስጥ ነው። ጠረጴዛው ላይ የሥራ ሣጥኑ ተዘግቶ ተቀምጧል። ከፈተችው። በውስጡ፣ ባንክ ቤት ሐሰተኛ ገንዘብ የሚለዩበት ዓይነት ሐምራዊ መብራት ተኝቷል።

«ሥዕሎቹን ሲያስረክቡ ፎቶ አንስተዋቸዋል?» ብላ ሞሚናን ጠየቀቻት።

«ለእህቴ ልኬላታለሁ።» ሞሚና ስልኳን ሰጠቻት። በሩ ላይ ካቴና የያዘ ፖሊስ ቆሟል። «ልታሳስሪኝ ነው?»

ሰምሀል ስልኩን ተቀበለች። ፎቶውን አስፍታ አየችው። «ሥዕሎቹ ከዚያ ወዲህ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ቁልፉም በጋሼ ሩፋኤል እጅ ነው።»

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ሰምሀል ሦስቱንም ወደ ክፍሉ አስገባቻቸው። መጋረጃውን ዘጋች፤ የክፍሉን መብራት አጥፍታ ሐምራዊውን ከሥዕሎቹ በአንዱ ላይ አበራች። ወንዙም ዛፎቹም አረንጓዴ ፈኩ። ጥግ ላይ ያለው ፊርማ ብቻ ጥቁር ሆኖ ቀረ።

«የሚያበራው ሥዕሉን ለመጠበቅ የተቀባው አሮጌ ቫርኒሽ ነው» አለች። «አዲስ ቀለም እንዲህ አያበራም። ፊርማው ከቫርኒሹ በላይ ነው፤ ሰዓሊው ከሞተ ብዙ ዘመን በኋላ የተጻፈ ነው ማለት ነው። ይህን የሳለው ሰዓሊ ብዙም አይታወቅም፤ ሥዕሉ በጨረታ ጥቂት ሺህ ዶላር ያወጣል። የታወቀው ስም ሲጻፍበት ግን ሚሊዮን ይጠራበታል፤ ገማቹ ካጸደቀው።»

«እኮ እሷ ናታ ያስጻፈችው» አለ ሩፋኤል። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ማለት ይኸው ነው።

«እትዬ ሞሚና ያስረከቡ ዕለት ባነሱት ፎቶ ላይ ያለው የመጀመሪያው ሰዓሊ ስም ነው። የተለወጠው እርስዎ ቆልፈው ባስቀመጡት ቤት ነው።»

«መጻፍ መግደል አይደለም።»

«አይደለም። መግደሉን የነገረኝ የኸሊል ብርቱካናማ መነጽር ነው። ገማቾች ያንን መነጽር የሚያደርጉት ይህ መብራት ዓይናቸውን እንዳይጎዳው ነው፤ መብራቱ ደግሞ በጨለማ ካልሆነ አይሠራም። ስለዚህ ኸሊል ሲመታ መጋረጃው ተዘግቶ ነበር። መስኮቱ ላይ ሆኖ ምንም ማየት አይቻልም። የሞተ ሰው መብራቱን ሣጥን ውስጥ አይከትም፣ መጋረጃም አይገልጥም። ያንን ያደረገው ገዳዩ ነው። ለምን? በመስኮት አየሁ ሊል ላሰበ ሰው የተከፈተ መስኮት ያስፈልገዋላ። በመስኮት አየሁ ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ጋሼ ሩፋኤል።»

ሰምሀል የክፍሉን መብራት አበራች።

«ለምኜዋለሁ» አለ ሩፋኤል። «ዝም በል ብቻ አልኩት። ፖሊስ እጠራለሁ አለኝ።»

ለሞሚና የመጣው ካቴና በሩፋኤል እጅ ላይ ገባ።

ሰዉ ሲወጣ ፈሀድ ወደ ኋላ ቀረ። ወለሉን እያየ፣ «አይ አም ሶሪ» አለ።

ሞሚና ሻሿን አስተካከለች። «ገዳይ ናት ስትል በአማርኛ ነበር» አለችው። «ይቅርታውንም በአማርኛ ጠይቀኝ።»

ቃሉን ያውቀዋል፤ ከአፉ ማውጣት ግን አቃተው። ሞሚና ቆማ ጠበቀችው።