ሁለት ጭስ ማውጫ ያላት መርከብ

አቶ አማረ ስካይዌይ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። የጋዝ ማሞቂያው ቱቦ ወልቆ ክፍሉን መርዝ ሞልቶታል። ፊታቸው ያለው ጠረጴዛ ላይ የእንግሊዟ የጦር መርከብ የዋርስፓይት ሞዴል ቆማለች።

«ሂተሩን ኢንስቶል ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለች ልጃቸው ሶልያና ለመርማሪ ቢልቂስ። «ብሎኑን አላጠበቅኩትም ይሆናል። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ቢልቂስ ለማጽናናት የምትቸኩል ሴት አይደለችም። የሟቹን ጣቶች አየች፤ ግራጫ ቀለም ነክቷቸዋል። ውጭ ያለውን የቆሻሻ መጣያ ስትከፍት ያንኑ ቀለም የተቀባ፣ የተሰበረ ወፍራም የመርከብ ጭስ ማውጫ አገኘች። መርከቧ ላይ ግን ሁለት ቀጫጭን ጭስ ማውጫዎች አሉ፤ ሙጫቸው ገና አዲስ ነው።

ፎቅ ላይ የሚኖረው ተከራይ ዘመድኩን ትከሻውን ነቀነቀ። «ለኔ የልጅ መጫወቻ ናት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን በሷ ተኳርፈዋል።»

ሁለተኛው ሽማግሌ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው፤ የሟቹ የቸርች ወዳጅ፣ ሞዴሏንም አብረዋቸው የጠረቡ። የማይንሳፈፍ እንጨት ዕድሜ ልክ ወዳጅነት ሲያፈርስ ማየት ያሳፍራል።

«በምን ተጣላችሁ?» አለች ቢልቂስ።

«እንግሊዞች ከአንደኛው ጦርነት በኋላ አሮጌ መርከቦቻቸውን እናድስ ብለው ቆራረጧቸው። የዋርስፓይትን ጎን ለቶርፒዶ መከላከያ አሳበጡ፣ ሁለቱን ጭስ ማውጫ አንድ አደረጉ። ውበቷን ገደሉት! አማረም እንደዚያው ላድርግ አለ። ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም።»

በሦስተኛው ቀን ቢልቂስ ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበች።

«አቶ አማረ ጎኗን አሳብጠው ጨርሰዋል። አዲሱን ወፍራም ጭስ ማውጫም ገጥመዋል፤ ቀለሙ ጣታቸው ላይ ነው። እንግሊዞች ሁለቱንም የሠሩት በአንድ እድሳት ነው። ያበጠ ጎንና ሁለት ጭስ ማውጫ ያላት ዋርስፓይት ባሕር ላይ ታይታ አታውቅም። አቶ አማረ እንዲህ አይሳሳቱም፤ የደከሙበትንም ሰብረው አይጥሉም። የድሮዎቹን የመለሰ ሌላ ሰው አለ።»

«ቢመልስስ?» አሉ ሀብተ ጊዮርጊስ። «ቱቦው ራሱ ወለቀ።»

«የቱቦው ብሎኖች የሞዴሉ ዕቃ ሳጥን ውስጥ በሥርዓት ተቀምጠዋል፤ ሞዴል ሠሪ የፈታውን መሬት አይጥልም። ያው አዲስ ሙጫ ብሎኖቹም ላይ አለ። ጭስ ማውጫዎቹን ያጣበቀው እጅ ቱቦውን ፈታ። ሶልያና የመርከቧን የድሮ መልክ አታውቅም፤ ዘመድኩን ግድ የለውም። የቀሩት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው መርከቧን እንጂ ማንንም አላዩም። «ስድስት ዓመት የጠረብኳትን ቆራርጦ አጠገቧ ተኝቷል» አሉ። «እንቅልፍ ወስዶት!»

ሶልያና ቀስ ብላ ተነሣች።

«ትናንት ቤትዎ መጥቼ ሳለቅስ እጅዎን ጫኑብኝ፣ ጋሼ። ‹ጌታ ሆይ፣ አባቷን ስለገደለች ይቅር በላት› ብለው ጸለዩልኝ። እኔም አሜን አልኩ።»