የአውራ ጣት ማረፊያ

አስካለ በቀጭን ብሩሽ የሳንቲሙን ጠርዝ እያጸዳች ነበር። አምና በሕዝብ ድምፅ የተመረጠው የሳተላይት ሳህን ከሳንቲሙ ፊት ላይ ቀስ እያለ ሲሟሟና በቦታው ግራር ሲበቅል አልደነቃትም። ሳንቲም በየዘመን መለወጫው መልኩን ሲቀይር እያየች ያደገች ናት።

ሳንቲሞቹ የሚሠሩት ከአስታዋሽ ብረት ነው። ቅንጣቶቹ ምልክት ሲደርሳቸው ቦታ እየተቀያየሩ የታዘዙትን ምስል ይሠራሉ፤ የነካቸውንም አይረሱም። ምልክቱን ለአገሩ ሳንቲም ሁሉ በአንዴ የሚልከው መሣሪያ እናት ማኅተም ይባላል፤ የቁም ሳጥን ያህላል፤ ቁልፉ አስካለ ዘንድ ነው።

ዘንድሮ የተመረጠው ንድፍ የራሷ ነበር፤ ለአገሩ ሁሉ ከመላኩ በፊት በናሙናዎች ላይ ለጊዜው እየሞከረችው ነው። ፊቱ ላይ ግራር፣ ጀርባው ላይ የግራሩ ጥላ። ከጥላው ሥር ደግሞ የስሟ የመጀመሪያ ፊደል፣ ከጤፍ ቅንጣት የማትበልጥ።

ሳንቲሙን ገለበጠችው። ጥላው ብቅ አለ፤ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ መሐሉ ዝቅ ዝቅ ብሎ ጎድጓዳ ሆነና ዋጠው። ከየክፍለ አገሩ በናሙና የመጡት ሳንቲሞች ሁሉ እንዲሁ አድርገዋል። የሌሎቹ ጎድጓዳ ግን እንደዚህኛው ጥልቅ አልነበረም።

«አስካል፣ ጀርባው ያዘ?» አለ የኃላፊዋ የወንድይፍራው ድምፅ ከግድግዳው ድምፅ ማጉያ።

«አልያዘም ጋሼ።»

«እንግዲያው እንጠበው። ታጥቦ እምቢ የሚል ብረት የለም።»

ማጠብ ማለት የአገሩን ሳንቲሞች ትዝታ በሙሉ መሰረዝ ነው። አስካለ እሺ ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። «ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» አለችና ሳንቲሙን ከአጉሊ መነጽሩ ሥር አስገባች።

የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ለብረቱ የአገሩን የሳንቲም ታሪክ አስተምረውት ነበር። ንብርብሩን እየገለጠች ወረደች፤ ከሳተላይቱ ሳህን ሥር ሚዛን፣ ከሚዛኑ ሥር ጎፈሩን የነሰነሰ አንበሳ፣ ከአንበሳው ሥር ዘውድ። ጎድጓዳው ሁሉንም ሰንጥቆ እስከ ታች ወርዷል። ይህን ቅርጽ የነደፈ ሰው በመዝገብ የለም።

በሩ ላይ ጭቅጭቅ ተሰማ። ጥበቃው እየተከተላት አንዲት ጎልማሳ ሴት ገባች፤ የጫማዋ ጭቃ ገና አልደረቀም።

«ሳንቲሜን የወሰድሽው አንቺ ነሽ?»

«ተበላሽቶ ነው የመጣው እትዬ።»

«የተበላሸውስ ሽንኩርቴ ነው! ዘርፌ እባላለሁ። ተቆጣጣሪ ነኝ ባይ ከእጄ ነጥቆኝ ነው የሄደው።»

አስካለ ወንበር ሳበችላት። ዘርፌ አልተቀመጠችም።

«በቦዩ በወዲያና በወዲህ ነው የምናርሰው። ውኃ በተለቀቀ ቁጥር ሳንቲም እንጥላለን፤ ዘውድ ወይስ ጎፈር ብለን።»

«ዘውዱም ጎፈሩም እኮ ከሳንቲሙ ላይ ከጠፉ ቆዩ።»

«ፊትና ጀርባ እስካለው ምን ገዶን? ያሸነፈ ቀድሞ ያጠጣል። የተሸነፈ ሳንቲሙን ይይዛል፤ ተራው እስኪደርስ ከእጁ አይለየውም። እሱን ውኃ ለሚያከፋፍለን ለውኃ አባቱ ካላስጨበጥኩ ቦዩን የሚከፍትልኝ የለም። ተራዬ ነገ ነው።»

«ሌላ ሳንቲም ብሰጥዎትስ?»

«ውኃ አባታችን ዓይነ ስውር ነው፣ እናቴ። የሚያምነው አውራ ጣቱን ነው። ጎድጓዳውን ዳስሶ ነው ተራሽ ነው የሚለኝ። አንዴ ሳንቲሙ ጠፍቶ በአካፋ ተፈናክተናል፤ ወንድሜ እስከ ዛሬ ያነክሳል።»

አስካለ ሳንቲሙን ሰጠቻት። የዘርፌ አውራ ጣት ሄዶ ጎድጓዳው ላይ አረፈ፤ ልክክ አለ።

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚይዙት?»

«የተሸነፈ ሌላ ምን ይሠራል? ውኃው ከማዶ ሲንፎለፎል እያየ ይጨብጣል።»

አስካለ ወደ ናሙናዎቹ ዞረች። አንዱን አንስታ አውራ ጣቷን ጀርባው ላይ አሳረፈች፤ ሁለተኛውን አነሳች፤ ሌላም። ሁሉም ጋ ስስ ጎድጓዳ ነበር።

ሠሪዎቹ ለብረቱ አንድ ሕግ ሰጥተውት ነበር፦ ሕዝቡ አጥብቆ የፈለገውን ምስል ያዝ። ያሰቡት የሕዝቡን የምርጫ ድምፅ ነበር። ብረቱ ግን የምርጫ ካርድ አያነብም፤ የሚያውቀው እጅን ነው። ተራ የደረሰው ሰው ሳንቲሙን ሰጥቶ ይሄዳል። የሚጨብጠው የሚጠብቅ ሰው ነው፤ በሐኪም ቤት ደጃፍ፣ በመናኸሪያ፣ በቦይ ዳር። ዘውዱንም አንበሳውንም ሌሎች ቀርጸዋቸዋል። ሕዝቡ በገዛ እጁ የቀረጸው ይህን ብቻ ነበር፤ እሱንም እንከን ብለው ሊያጥቡት ነው።

«ጋሼ» አለች ወደ ግድግዳው፤ «ማጠቡ ይቅር። ጥላውን አነሳዋለሁ።»



«ፊደልሽ ያለው እኮ እዚያ ላይ ነው። ስንት ዓመት የለፋሽበት።»

«አውቃለሁ።»

«ባዶ ጀርባ አውጥተን ሕዝቡ ምን ይለናል?»

«ምንም አይል፤ ይይዘዋል» አለች ዘርፌ።

«ደግሞ ማናት እሷ?»

«ተራዋን የምትጠብቅ ሴት ናት ጋሼ።»

ወንድይፍራው በረጅሙ ተነፈሰ። «ኮሚቴውን እኔ አናግራለሁ። በኋላ ግን አንዱን ሳንቲም አንስተሽ ይሄ የኔ ነው ብትይ የሚያምንሽ ሰው ያለ እንዳይመስልሽ።»

አስካለ ወደ እናት ማኅተሙ ዞረች። ጥላውን ከዳር ወደ መሐል ሰረዘችው። ፊደሏን ለመጨረሻ ተወቻት። ጣቷ ከመሰረዣው ቁልፍ በላይ ቆመ፤ ከዚያ ተጫነችው።

ምልክቱን ለአገሩ ሁሉ ለቀቀችና የዘርፌን መዳፍ አየች። ግራሩ ሳንቲሙ ፊት ላይ ወጣና ጸና፤ ጀርባው እንደነበረ ቀረ።

«ዛፍ አወጣ» አለች ዘርፌ። ገልብጣ ጀርባውን ዳሰሰችና ሳንቲሙን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። «መኪናው እንዳያመልጠኝ።» ጥበቃውን ገፋ አድርጋ ወጣች።

አስካለ ናሙናዎቹን አንድ በአንድ ወደየማኅደራቸው መለሰች። የእናት ማኅተሙን ክዳን ቆልፋ የአቧራ ልብሱን አለበሰችው።